የተለመዱ መድኃኒቶችና የሽንት ዕፅ ምርመራ



ከአኖ እስከ ነቀምቴ ባሉ ጤና ጣቢያዎችና መድኃኒት ቤቶች የምናገኛቸው የተለመዱ መድኃኒቶች፣ ለሥራ ወይም ለውጭ ጉዞ በሚደረግ የሽንት ምርመራ ያልነካነውን ዕፅ ወስደዋል ሊያሰኙን ይችላሉን? አዎን፣ ይችላሉ። መንገዱ ግን አንድ አይደለም።

ፈጣኑ የማጣሪያ ምርመራ የሚሠራው በፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህም የሚፈልገውን ሞለኪውል የሚያውቀው በቅርጹ ስለሆነ መልከ ተመሳሳዩንም ሊይዝ ይችላል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚወሰደው ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ከማድረጉም በላይ፣ በአንዳንድ የማጣሪያ ምርመራዎች እንደ ሞርፊን ያለ ዕፅ መስሎ ይታያል። ኤፋቫይረንዝ ደግሞ ካናቢስ መስሎ ሊነበብ ይችላል። ኤፋቫይረንዝ ዶሉቴግራቪር እስኪተካው ድረስ በአገራችን ቀዳሚ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና አካል ነበር። የነገሩን ክብደት አስቡት፦ ታካሚው ዝም ቢል ዕፅ ተጠቃሚ ይባላል፤ ቢናገር ምሥጢሩ ለቀጣሪው ይገለጣል። ስለዚህ ማብራሪያው ለሐኪም ብቻ ሊሰጥ ይገባል ብዬ አጥብቄ እከራከራለሁ።

ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ጉዳይ የተለየ ነው። ጉበታችን ከኮዴይኑ ከፊሉን ወደ ሞርፊን ስለሚለውጠው፣ በሽንቱ የተገኘው እውነተኛ ሞርፊን ነው። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ ሊሳሳት የሚችለው ውጤቱን የሚተረጉመው ሰው ነው።

የጉንፋኑ ሱዶኤፌድሪን በሁለቱም በኩል ያስቸግራል። በፈጣኑ ምርመራ አምፌታሚን ሊመስል ይችላል፤ ጥቂቱም በሰውነት ውስጥ ወደ ካቲን ይለወጣል፤ ካቲን ደግሞ ጫት ውስጥ ያለው ነው። በዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ ደንብ በውድድር ወቅት ካቲን በአንድ ሚሊሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮግራም፣ ሱዶኤፌድሪንም ከ150 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። ሯጮቻችን ይህን ይወቁ። (የወለጋ ቡና ወዳጆች ግን አትሥጉ፤ ካፌይን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተከለከሉት ዝርዝር ወጥቷል።)

ጋዝ ክሮማቶግራፊንና ማስ ስፔክትሮሜትሪን ያጣመረው የማረጋገጫ ምርመራ ሞለኪውሉን በክብደቱና በስብርባሪዎቹ ስለሚለየው ሪፋምፒሲንን ሞርፊን አይለውም። በማጣሪያ ውጤት ብቻ ሠራተኛ ማሰናበት፣ በእኔ አስተያየት፣ ፍትሕ አይደለም።

ምርመራ የሚጠብቃችሁ ከሆነ መድኃኒታችሁን በገዛ ፈቃዳችሁ አታቋርጡ፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ሲቋረጥ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ሊፈጠር ይችላል። የወሰዳችሁትን ከነመጠኑና ከነቀኑ ጽፋችሁ፣ ማሸጊያውንም ይዛችሁ፣ ሽንት ከመስጠታችሁ በፊት ለሐኪሙ አስመዝግቡ፤ ቀሪው ናሙና ለማረጋገጫ እንዲቀመጥላችሁም ጠይቁ።