ውሻው የማይበላ ነገር ሲውጥ
(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ኦሺዮት ላይ ከተደረገ ንግግር)

አገር ቤት ውሻ የሚያድረው ደጅ ነበር። እዚህ ረሆቮት ግን ከልጆች ጋር ፎቅ ላይ ይኖራል፤ ወለል ላይ ያገኘውን ካልሲ፣ የፀጉር ላስቲክ፣ የመጫወቻ ባትሪ ይውጣል።

እንዲያስመልሰው ብላችሁ ጨው አታብሉት፤ ጨው ራሱ ይመርዘዋል። ዘይትና ወተትም አይረዱም። ስለታም ነገር ወይም ባትሪ ከሆነማ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግመኛ ይጎዳዋል። ክር ከአፉ ወይም ከኋላው ቢንጠለጠል አትጎትቱ፤ አንጀቱን ሊቆርጠው ይችላል።

ወዲያው ለቬተሪናር ደውሉ። ዕቃው ከጨጓራ ሳይወርድ፣ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሰዓታት ከተደረሰ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይወጣል። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ «ሀኬሌቭ ሼሊ ባላ ሶለላ» በሉ፤ ውሻዬ ባትሪ ዋጠ ማለት ነው። ካልሲ ከሆነ «ጌሬቭ» ነው። ካልሲ በራጅ ጥርት ብሎ ስለማይታይ የቀረውን አንዱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ መጠኑን ይየው።

ብዙ ጊዜ ሲውጥ የሚያየው ልጅ ነው። ቁጣ ፈርቶ ዝም ካለ፣ እናንተ የምታውቁት ውሻው ደጋግሞ ሲያስመልስና ምግብ እምቢ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል፣ ወጪውም ከባድ ነው። ስለዚህ የነገራችሁን ልጅ አትቆጡት።

ያችኑ ትንሽ ክብ ባትሪ የዋጠው የሚድህ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ 101 ደውሉ።