ቄስ ጉዲና ቱምሳና የመጽሐፍ ቅዱስ ንባባቸው



ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሰው ሰማዕትነታቸው ነው። ይህ ተገቢ ቢሆንም፣ የአሟሟታቸው ክብደት አስተሳሰባቸውን እንዳይሸፍንብን እሰጋለሁ። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ከሐተታ መጻሕፍት ይልቅ ደብዳቤና ማስታወሻ ትተውልን ያለፉትን እኒህን አባት የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቅ ልንላቸው ይገባልን?

ቄስ ጉዲና እ.ኤ.አ. በ1929 በወለጋ፣ ቦጂ ተወለዱ። የመጀመሪያ ሙያቸው ድሬሰርነት ሲሆን፣ የተማሩትም በነቀምቴ ሆስፒታል ነው። በ1958 ቅስና ተቀበሉ። ከ1963 ጀምሮ በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት በሚገኘው የሉተር ሴሚናሪ ሥነ መለኮት አጥንተው በ1966 ተመለሱ፤ በዚያው ዓመትም የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1959 የተመሠረተች፣ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች።

እዚህ ልደታ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ጎረቤት አድርገን ስንሰበሰብ፣ ያን የመጀመሪያ ሙያቸውን እንደ ተራ ነገር ልናልፈው አይገባም። የሕመምተኛን ቁስል ሲያጥብ የኖረ ሰው ስለ ነፍስ ሲሰብክ ሥጋን ይረሳል ብዬ አላምንም።

በዚያ ዘመን ከምዕራባውያን ለጋሾች የሚመጣው ገንዘብ በአብዛኛው ለልማት ብቻ የታሰረ ነበር። ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ይገኛል፤ ወንጌላውያንን ለማሠልጠንና የጸሎት ቤት ለመሥራት ግን አይገኝም። በግንቦት 1972 መካነ ኢየሱስ፣ ቄስ ጉዲና ዋነኛ ሚና በነበራቸው ደብዳቤ፣ ይህን አከፋፈል ተቃወመች። የደብዳቤው ፍሬ ነገር፣ የሰውን ሥጋዊና መንፈሳዊ ፍላጎት ነጣጥሎ ማየት ሰውየውን ራሱን መክፈል ነው የሚል ነበር። ሐሳቡ በሉተራን ዓለም ክርክር አስነሥቶ በ1974 በናይሮቢ ለተካሄደው ምክክር መንገድ ጠረገ።

እንደ እኔ አመለካከት፣ ይህ የበጀት ሙግት ብቻ አይደለም፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜም ነው። በኦሪት ዘፍጥረት የአዳም አፈጣጠር ሲነገር የገባው ቃል «ነፌሽ» ነው፤ የግእዙና የአማርኛው «ነፍስ» የሥጋ ዘመዱ ነው። ታሪኩ ሰው በውስጡ ነፍስ እንደተቀመጠበት ዕቃ መሆኑን አይናገርም፤ ሰውየው ሁለንተናው ሕያው ነፍስ እንደሆነ ይናገራል። ደብዳቤው የሚሟገትለት ሰው ይኸው ነው።

ከአብዮቱ በኋላ ንባባቸው በሌላ መንገድ ተፈተነ። በ1978 እና በ1979 ታሰሩ። ከእስር ሲፈቱ በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቀረበላቸው። ሌሎችን ቀሳውስት ከመንጋቸው እንዳይለዩ ሲመክሩ ስለነበር እርሳቸው መሸሽን አልፈቀዱም። የጠቀሱት ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 5 ቁጥር 15ን ነው፤ በሕይወት ያሉት ከእንግዲህ ለራሳቸው እንዳይኖሩ የሚያሳስበውን ክፍል። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ በዑራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ሲወጡ ታፈኑ፤ ተገደሉም። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

የዚህን ውሳኔ ዋጋ ብቻቸውን አልከፈሉትም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ተሠቃይተዋል፤ ዐሥር ዓመት ገደማም ታስረዋል። ጽናትን ስናወድስ በቤት የቀሩትን ካልቆጠርን፣ እኛም ሰውን ከፍለን ማየታችን ነው።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ሊቅነት በጥራዝ ብዛት ከተለካ ቄስ ጉዲና ከመዝገቡ ይጎድላሉ። ቃሉን ለዘመኑ ጥያቄ በጥንቃቄ መፍታትና ለፍቺውም መታመን ሊቅነት ከሆነ ግን፣ ይህ ስም ያንሳቸው እንደሆነ እንጂ አይበዛባቸውም። ጽሑፎቻቸውን ከመታሰቢያ ዕለት አውጥታችሁ በመማሪያ ክፍል እንድታነብቧቸው፣ እንድትሟገቷቸውም አደራ እላለሁ።