ሳትጣሉ ጻፉት

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በዛሬው ዝግጅታችን የማወጋችሁ ስለ ንግድ ነው፤ በተለይም ወጣቶቻችን “ስታርትአፕ” ስለሚሉት ንግድ። “ኡስታዝ ደግሞ ስለዚህ ምን ያውቃል?” የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ጥቂት ነው። የማወጋችሁ ግን በኮምፒውተሩ ዙሪያ ተቀምጠው ስለነበሩ ሦስት ጓደኛሞች፣ ስለ አንዲት እናት የዕቁብ ገንዘብና እኔ ራሴ ስለሠራሁት አንድ ስህተት ነው።

ስታርትአፕ ማለት በአጭሩ አዲስ ሐሳብ ይዞ፣ በጥቂት ሰውና በጥቂት ገንዘብ ተነስቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቴክኖሎጂ እየታገዘ በፍጥነት ለማደግ የሚጥር ድርጅት ነው። ሱቅ የሚከፍት ሰው መደርደሪያውን አይቶ “ይህ የእኔ ነው” ይላል። እነዚህ ልጆች ግን የያዙት ንብረት ገና በጭንቅላታቸው ያለ ነው። ስለዚህም “የማን ነው? ስንት ያወጣል?” የሚለው ጥያቄ ከሌላው ንግድ ይልቅ በእነርሱ ላይ ይከብዳል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በመስጂዳችን የሚሰግዱ ሦስት ወጣቶች ከዐስር ሰላት በኋላ ወደ እኔ መጡ። ሁለቱ ኮሌጅ ገብተው ኮምፒውተር የተማሩ ናቸው። ሦስተኛው መርካቶ አባቱ ሱቅ ውስጥ ያደገ፣ ነጋዴውን ሁሉ በስሙ የሚጠራ ልጅ ነው። ሐሳባቸው ለባለሱቆች የዱቤ መዝገብ የሚሆን የስልክ ፕሮግራም መሥራት ነበር። ባለሱቁ ዱቤ በሰጠ ቁጥር ስልኩ ላይ ይመዘግባል፤ ቀኑ ሲደርስ ለተበዳሪው አጭር መልእክት ይላክለታል። በየሱቁ ዘይት የጠጣውን፣ ገጹ የተገነጠለውን የዱቤ ደብተር የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህ መልካም ሐሳብ መሆኑን ይረዳል። እኔም ደስ አለኝ።

ከመካከላቸው አንዱ፣ “ኡስታዝ፣ ስምምነታችንን ወረቀት ላይ ብናሰፍረው ይሻል ይሆን?” ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ፈገግ ብዬ፣ “እናንተ እኮ ወንድማማቾች ናችሁ፤ በመሀላችሁ ወረቀት ምን ያደርጋል? ብቻ ኒያችሁን አሳምሩ” አልኩት። ዱዓ አደረግን፣ ተምር ቀመስን፣ ተለያየን። ይህን ቃሌን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ያ የጠየቀኝ ልጅ ሌሊት ሌሊት የቀኑን ውሎውን ደብተር ላይ የመጻፍ ልማድ ነበረው። ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ደብተሩን ሰጥቶኝ አነበብኩት። ለሌሎች ወጣቶች ትምህርት ይሆናልና በፈቃዱ ጥቂቱን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የጻፈው ሁሉ ብስጭት ነው። ንግድ ፈቃድ ለማውጣት የቢሮ ኪራይ ውል አምጡ ይባላሉ። ቢሮ ለመከራየት ገቢ ያስፈልጋል፤ ገቢ ለማግኘት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሌሊቱን ሲሠሩበት ያደሩት ነገር መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በአገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ፣ በደብተሩ ላይ በየዕለቱ ቀኑን ብቻ ጽፎ ሥሩን ባዶ ትቶታል። አንድ ባለሱቅ አስራ አንድ ጊዜ “ነገ ና” ብሎታል፤ ልጁ አንድ በአንድ ቆጥሮታል። ሌላው ደግሞ “ይህ ስልክህ ሄዶ ለግብር ሰዎች ቢነግርብኝስ?” ብሎ አባሮታል። በዒድ ቀን ዘመድ ሲሰበሰብ አጎቱ፣ “አሁንም ሥራ አልያዝክም?” ይሉታል። ሥራ ላይ ውሎ ሥራ ላይ የሚያድር ልጅ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ገምቱ።

ወላጆች ሆይ! እንዲህ ያለ ልጅ ቤታችሁ ካለ ቢያንስ “ዛሬ ሥራው እንዴት ዋለ?” በሉት። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ልጆቹ ግን ታገሱ። ከሱቅ ሱቅ ዞሩ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀምሮ ነጋዴው በስልክ ገንዘብ መቀበልና መክፈል እየለመደ ሲሄድ፣ የእነርሱም ደንበኛ በረከተ። ወርኃዊ ክፍያ የሚከፍሉ ሱቆች ተገኙ። አልሐምዱሊላህ! መብራት ሲጠፋ ያልፈረሰ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያልተበተነ፣ “ነገ ና” ያላሰለቸው ሥራ ፍሬ ማፍራት ጀመረ።

ታዲያ ምን አፈረሰው?

በ2015 ዓ.ም. አንድ ጅምላ ነጋዴ ሥራቸውን ወደደና 600 ሺህ ብር አግብቶ ሸሪክ ለመሆን ፈለገ። ሦስቱንም አስቀምጦ አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው፤ “ድርጅቱ ውስጥ ለእያንዳንዳችሁ ስንት ስንት አላችሁ?” አላቸው። ዝም ዝም ሆነ። ከዚያም ሦስት ዓይነት መልስ መጣ። አንዱ፣ “እኩል ነን፤ ሲሶ ሲሶ ነው” አለ። ፕሮግራሙን የጻፈው፣ “ያለ እኔ ምን አለና? ግማሹ የእኔ ነው” አለ። የመርካቶው ልጅ ደግሞ፣ “ባለሱቁ የመጣው የእኔን ፊት አይቶ፣ የአባቴን ስም አምኖ ነው” አለ። ሦስቱም አልዋሹም። እያንዳንዱ ሦስት ዓመት ሙሉ በልቡ ይዞት የኖረውን ነው የተናገረው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የእናት ገንዘብ ነበር። የባለ ደብተሩ እናት በመጀመሪያው ዓመት ዕቁብ ሲደርሳቸው 60 ሺህ ብር ለልጃቸው ሰጥተው ነበር። እናት “ከልጆቹ ጋር ሸሪክ ነኝ” ብለው ያምናሉ። ጓደኞቹ “እርዳታ ነው” ተብሎ ነው የተነገራቸው። ልጁ ራሱ ደግሞ በደብተሩ ላይ “ለእማዬ የምመልሰው” ብሎ ጽፎታል። አንድ ገንዘብ ሦስት ስም ነበረው ማለት ነው!

ነጋዴው “መጀመሪያ እናንተ ተስማሙ” ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ የይለፍ ቃሉን ቀይሮ ሌሎቹን ዘጋባቸው። በአንድ ሰፍ ጎን ለጎን ይሰግዱ የነበሩት አንዱ የፊቱን፣ ሌላው የኋላውን ሰፍ መያዝ ጀመሩ። የሰውን ዱቤ የሚጽፍ ነገር የሠሩ ልጆች የራሳቸውን ውል ሳይጽፉ ቀርተው ተጣሉ።

ባለ ደብተሩ ወደ እኔ መጥቶ፣ “ኡስታዝ፣ ያኔ ጻፉት ብለውን ቢሆን ኖሮ...” ብሎ ሳይጨርሰው አቀረቀረ። እኔም “አፉ በለኝ ልጄ” ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም። ምክንያቱም ያን ቀን የተናገርኩት ከዕውቀት ማነስ አልነበረም። በየረመዷኑ የምቀራውን ዘንግቼ ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስለ ዕዳ ውል አጻጻፍ ነው (አል-በቀራህ 2፡282)። አላህ (ሱ.ወ.) ምእመናን እስከ ተወሰነ ጊዜ ዕዳ ሲዋዋሉ እንዲጽፉት፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ዕዳው ያለበት ሰው ራሱ እንዲያስጽፍ፣ ምስክሮች እንዲቆሙ፣ ነገሩ ትንሽም ይሁን ትልቅ መጻፉን እንዳይሰለቹት በዝርዝር ያዛል። እጅ በእጅ የሚደረግ ንግድ ባይጻፍ ኃጢአት እንደሌለበትም ያብራራል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ይህን መጻፍ የተወደደ እንጂ ግዴታ አይደለም ብለዋል። ቢሆንም ጥሪው የተጀመረው “እናንተ ያመናችሁ” በሚል መሆኑን እናስተውል። መጻፍ ለማይተማመኑ ሰዎች ብቻ የተባለ ቢሆን ኖሮ አማኞች ባልታዘዙበት ነበር።

“በወንድማማቾች መሀል ሒሳብ ነውር ነው” ለምንል ሰዎች ደግሞ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ታሪክ አለ። ወደ መዲና ሲሰደድ ባዶ እጁን ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድም የሀብቱን ግማሽ ሊያካፍለው ፈለገ። ዐብዱረሕማን ግን በረካ ተመኝቶለት “ገበያው የት እንደሆነ አሳየኝ” አለው። አይብና ቅቤ ከመነገድ ጀመረ። ቡኻሪ በዘገቡት በዚህ ታሪክ ወንድማማችነቱም አልተነካም፣ የአንዱ ገንዘብም ከሌላው አልተደባለቀም። ዛሬ ስታርትአፕ ለሚጀምር ወጣት ከዚህ የበለጠ ምን ምሳሌ አለ?

እንግዲህ ምን እንጻፍ? አምስት ነገሮችን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ማን ምን አመጣ? ገንዘብ፣ ዕውቀት፣ ጉልበት፣ ዕቃ፣ ደንበኛ፤ እያንዳንዱ በስሙ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ትርፍና ኪሳራ። አንዱ ገንዘብ ሌላው ሥራ የሚያቀርብበት ሽርክና ሙዳረባ ይባላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነት በፊት በኸዲጃ (ረ.ዐ.) ገንዘብ የነገዱት በዚህ ዓይነት አሠራር ነበር። ትርፉ በድርሻ ይወሰናል፤ “ቢያተርፍም ባያተርፍም በየወሩ ይህን ያህል ብር” ብሎ መቁረጥ ግን አይቻልም። ሠራተኛው ካላጠፋና ውሉን ካልጣሰ፣ ኪሳራ ሲመጣ ባለገንዘቡ ገንዘቡን፣ ሠራተኛው ድካሙን ያጣል።

ሦስተኛ፣ ደመወዝ ይኖራል ወይ? ወጪ የሚፈቅደው ማን ነው? ቁልፉ፣ የባንክ ደብተሩና የይለፍ ቃሉ በማን እጅ ይቀመጣል?

አራተኛ፣ አንዱ መውጣት ቢፈልግ፣ ቢታመም ወይም ቢሞት ድርሻው እንዴት ይሆናል? የሟች ድርሻ የወራሾች ሐቅ ነውና ባለመጻፋችን የቲም እንዳንበድል እንፍራ።

አምስተኛ፣ የቤተሰብ ገንዘብ። ስጦታ ነው? ብድር ነው? ወይስ ድርሻ? ስጦታ ከሆነ አይመለስም። ብድር ከሆነ ሥራው ቢከስርም ያለ ወለድ ይመለሳል። ድርሻ ከሆነ ትርፉም ኪሳራውም ይደርሰዋል። እናቶች ሆይ፣ ገንዘቡን ስትሰጡ ከሦስቱ አንዱን ስም ስጡት፤ ልጃችሁም አያፍር፣ ይጠይቅ።

ሕጉም ቢሆን ወረቀት ለያዘ ሰው የተሻለ መንገድ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ የ1952ቱ ሕግ የማይፈቅደውን፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ስለዚህ ሸሪክ ያልሆነን ሰው ለስም ብቻ ማስገባት አያስፈልግም። ሽርክና ከሆነ ደግሞ የመመሥረቻ ጽሑፉን በሚገባ አንብቡ፤ ሌላ ሰው የሞላውን ቅጽ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። ከወለድ ለመራቅ የምትሹም፣ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ በአገራችን የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራ ባንክም ተከትሏል። ይሁን እንጂ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክም ቢሆን “የማን ድርሻ ስንት ነው?” ማለቱ አይቀርም።

የልጆቹ ነገር የት ደረሰ ትሉ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. ሽማግሌዎች ገብተው ሱልሕ ወረደ። ሁለቱ ሥራውን ይዘው ቀጠሉ፤ ባለ ደብተሩ ወጣ። የእናቱ ገንዘብ ብድር ነው ተብሎ ተጻፈና በየወሩ ጥቂት ጥቂት ይመለሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ወዲያው ናረ፤ ዛሬ ያ 60 ሺህ ብር ያኔ የገዛውን ስልክና ኮምፒውተር አይገዛም። እናትየው ግን፣ “ገንዘቡስ ይምጣም ይቅርም፤ እኔን የቆጨኝ ልጆቹ እቤቴ መጥተው ቡና መጠጣት መተዋቸው ነው” አሉኝ። ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ እንደ ድሮው ግን አይደሉም። ይህን ሽማግሌም ወረቀትም ሊመልሰው አልቻለም።

አባቶቻችን “በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ወጣቶች ለሥራቸው ዱዓ ፈልገው ሲመጡ እኔም በመጀመሪያ “ጽፋችኋል?” እላቸዋለሁ። ካልጻፉ ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርቤ እጠብቃቸዋለሁ፤ ዱዓው ከዚያ በኋላ ይሆናል። ዛሬ ማታ እናንተም ከሸሪካችሁ፣ ከወንድማችሁ ወይም ከልጃችሁ ጋር ያልተጻፈ ጉዳይ ካላችሁ ሳትጣሉ ጻፉት፤ የተጣላ ሰው ውል መጻፍ አይችልም።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፤ በወንድማማቾች መካከል ያለውን መዋደድ ይጠብቅልን፤ ካለፈ ስህተታችንም ይማረን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።