የእህል መጋዘን መከታተያ ሰሌዳዎችን በፕሮግራም ስለ ማዘጋጀት
(ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



እህል ከአውድማ ተነሥቶ ወደ መጋዘን ሲገባ ድካሙ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን እህል በጆንያ ውስጥ ሆኖም ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ይተነፍሳል። እርጥበቱ ከበዛ ይሞቃል፤ ሲሞቅም ነቀዝና ሻጋታ ይበረቱበታል። በቆሎ ወደ መጋዘን ከመግባቱ በፊት እርጥበቱ 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች እስኪሆን ድረስ መድረቅ አለበት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ከአንዳንድ ሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ደግሞ በዓይን አይታይም፤ ማብሰልም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ ነገሩ የገበያ ዋጋ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የልጆቻችንም ጤና ጉዳይ ነው።

በዛሬው ጊዜ በጆንያዎቹ መካከል የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ አስገብቶ፥ መለኪያው ያነበበውን ቁጥር በስልክ መስመር ወደ አንድ ኮምፒውተር እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። ኮምፒውተሩም ቁጥሮቹን በመስመር እየሣለ ያሳያል። ይህን ገጽ ባለሙያዎች ዳሽቦርድ ይሉታል፤ እኛ የመከታተያ ሰሌዳ እንበለው። ለዚህ ሥራ በብዙ አገር ከሚሠራባቸው ፕሮግራሞች አንዱ ግራፋና ይባላል። ስዊድናዊው ቶርከል ኦደጎርድ የጀመረው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ የወጣ ነው። ማንም ሰው ያለ ክፍያ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሊያስገባው ይችላል።

አንድ መጋዘን ብቻ ያለው ማኅበር ሰሌዳውን በእጅ ቢሠራ ይበቃዋል። ነገር ግን 12 መጋዘን ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ እንበል። ሠራተኛው የመጀመሪያውን ሰሌዳ በጥንቃቄ ይሠራል። ሁለተኛውን ለመሥራት የመጀመሪያውን ይገለብጥና ስሙን ይለውጣል፤ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ይደክመውና ስሙን ብቻ ለውጦ፥ ቁጥሩ የሚመጣበትን መለኪያ መለወጥ ይረሳል። ከዚያ በኋላ በሰባተኛው ሰሌዳ ላይ የሚታየው የስድስተኛው መጋዘን ሙቀት ነው። ስድስተኛው ደኅና ስለሆነ ሰባተኛውም ደኅና ይመስላል። የሰባተኛው በቆሎ ግን ማንም ሳያየው ይግላል። እንግዲህ እንዲህ ያለው የተሳሳተ ሰሌዳ ሰውን ስለሚያዘናጋ ሰሌዳ ከሌለው መጋዘን ይልቅ ይጎዳል።

ይህን ጉዳት ለማስቀረት ሰሌዳዎቹን ሁሉ ከአንድ መዝገብና ከአንድ አርአያ በፕሮግራም ማሠራት ይሻላል። ግራፋና ለዚህ የሚሆን ኤ.ፒ.አይ. የሚባል በር አለው። ኤ.ፒ.አይ. ማለት አንድ ፕሮግራም ከሌላ ፕሮግራም ትእዛዝ የሚቀበልበት መንገድ ነው። ገበሬው ራሱ ወደ ወረዳ ሳይሄድ በተወሰነ ቅጽ ማመልከቻ ጽፎ እንደሚልክ ያለ ነው። ቅጹ በትክክል ከተሞላ ጉዳዩ ይፈጸምለታል፤ ካልተሞላ ምክንያቱ ተጽፎ ይመለስለታል።

ሥራው የሚከናወንበት ተራ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ መዝገቡን አዘጋጁ። ለእያንዳንዱ መጋዘን አንድ መስመር ይኑረው። በመስመሩም ላይ የመጋዘኑ መለያ፥ ስሙ፥ የእህሉ ዓይነት፥ የመለኪያው ቁጥር፥ የማስጠንቀቂያው ልክና ኀላፊው ይጻፉ። የማስጠንቀቂያውን ልክ በመዝገቡ ውስጥ መጻፍ የሚያስፈልገው አገሩ ሁሉ አንድ ስላልሆነ ነው። ለደጋ መጋዘን የሚስማማው የሙቀት ልክ ለቆላው ቢሰጥ ሰሌዳው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ የቆላው ልክ ለደጋው ቢሰጥ ደግሞ እህሉ እየጋለ ሳለ ዝም ይላል።

2ኛ/ አንድ አርአያ ሰሌዳ በእጅ ሥሩ። በላዩም የእህሉ ሙቀት፥ በጆንያዎቹ መካከል ያለው አየር እርጥበት፥ የውጭው አየር ሙቀትና የመጨረሻው ቁጥር የመጣበት ሰዓት ይታዩ። የውጭው ሙቀት ሳይጨምር የእህሉ ሙቀት ከቀን ወደ ቀን ከፍ እያለ ከሄደ፥ በውስጡ ነቀዝ ወይም ሻጋታ መኖሩን ያመለክታል። የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይም ሻጋታ ይበረታል። አርአያውን ለገበሬዎች አሳይታችሁ ከተረዱት በኋላ፥ ግራፋና በጽሑፍ መልክ ይሰጣችኋል። ይህ የጽሑፍ መልክ ጄሰን ይባላል። በጽሑፉ ውስጥ የመጋዘኑ ስም፥ የመለኪያው ቁጥርና ልኩ በሚገቡበት ቦታ ክፍት ቦታ ተዉ።

3ኛ/ ቁልፉን አውጡ። ፕሮግራሙ በሰው ስም መግባት የለበትም፤ ለራሱ የተለየ የአገልግሎት ስምና ቶክን የሚባል ምስጢራዊ ቁልፍ ይሰጠው። ሥልጣኑም ሰሌዳ ለማዘጋጀት የሚበቃው ያህል ብቻ ይሁን። ቁልፉ በመዝገቡ ውስጥ አይጻፍ፤ በቴሌግራምም አይላክ። የመጋዘን ቁልፍ በር ላይ ተሰክቶ እንደማይታደር ሁሉ ይህም እንዲሁ ነው።

4ኛ/ ላኩ። ፕሮግራሙ ከመዝገቡ አንድ መስመር ያነባል፤ ክፍት ቦታዎቹን ይሞላል፤ የተሞላውን ጽሑፍ በቁልፉ ወደ ግራፋና ይልካል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። እያንዳንዱ ሰሌዳ የማይለወጥ መለያ ሊኖረው ይገባል። መለያው በላቲን ፊደልና በቁጥር የሚጻፍ ሲሆን ከ40 ፊደል መብለጥ የለበትም፤ አርእስቱ ግን በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል። መለያው ከታወቀና እንዲተካ ከታዘዘ፥ ያው ሰሌዳ ሁለተኛ ጊዜ ሲላክ አሮጌውን ያድሳል። መለያ ሳይሰጠው ከተላከ ግን ግራፋና ራሱ አዲስ መለያ ስለሚያወጣለት፥ ለአንድ መጋዘን ሁለት ሰሌዳ ሊኖር ይችላል፤ ሰዎችም የትኛውን እንደሚያምኑ ይቸገራሉ። በመጀመሪያ በአንድ መጋዘን ብቻ ሞክሩ እንጂ 12ቱንም በአንድ ጊዜ አትላኩ።

5ኛ/ መልሱን አንብቡ። ለተላከው ሁሉ መልስ በቁጥር ይመጣል። 200 ከሆነ ተቀብሏል ማለት ነው። 400 ከሆነ በቅጹ ውስጥ ስሕተት አለ። 401 ከሆነ ቁልፉ አልታወቀም፤ 403 ከሆነ ደግሞ ቁልፉ ሥልጣን የለውም። 412 ከሆነ ከዚያ ከነበረው ሰሌዳ ጋር ተጋጭቷል፤ ለምሳሌ ሌላ ሰው በመካከል ለውጦት ይሆናል። ፕሮግራሙ ያልተሳካለትን መጋዘን በስሙ ጽፎ ያሳውቅ፤ ዝም ብሎ እንዲያልፍ አይፈቀድለት።

6ኛ/ በመጋዘኑ ሄዳችሁ አረጋግጡ። 200 የሚለው መልስ ሰሌዳው መድረሱን ይናገራል እንጂ እውነተኛ መሆኑን አይናገርም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። አንድ ሰው በሰባተኛው መጋዘን ውስጥ መለኪያውን በመዳፉ ጨብጦ ለጥቂት ደቂቃ ይያዘው። የሰው እጅ ከእህሉ ይልቅ የሚሞቅ ከሆነ፥ መለኪያው የሚቀጥለውን ቁጥር ሲልክ የሰባተኛው ሰሌዳ መስመር ከፍ ማለት አለበት። የሌላ መጋዘን መስመር ከፍ ካለ በመዝገቡ የተጻፈው የመለኪያ ቁጥር ተሳስቷል። እንዲህ እየተደረገ 12ቱም ይፈተኑ።

ከዚህ ቀጥሎ ሁላችሁም ልትጠነቀቁለት የሚገባ አንድ ነገር አለ። መለኪያው ባትሪው ቢያልቅ ወይም መስመር ቢቋረጥ፥ በሰሌዳው ላይ የመጨረሻውን ቁጥር የሚያሳየው ክፍል የቀደመውን ቁጥር ይዞ ሊቆይ ይችላል። 21 ዲግሪ የሚል ቁጥር አይታችሁ ደኅና ነው ብላችሁ ስትሄዱ፥ ቁጥሩ ከሦስት ቀን በፊት የመጣ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ቁጥር የመጣበት ሰዓት በአርአያው ላይ ይኑር ያልነው ለዚህ ነው። ሰዓቱ ካለፈ መጋዘኑ አልታየም ማለት ነውና፥ ሰው ሄዶ እጁን በጆንያዎቹ መካከል አስገብቶ ይመልከት። አርአያው አንድ በመሆኑም እንዲህ ያለውን ጉድለት አንድ ጊዜ ብታርሙ፥ ፕሮግራሙ እንደገና ሲሠራ 12ቱም ሰሌዳዎች ይታረማሉ።

ሰሌዳውን በእጅ መለወጥ የለመዱ ሰዎችም ይህን ይወቁ። ፕሮግራሙ በሚቀጥለው ጊዜ ሲልክ በእጅ የተደረገውን ለውጥ ይሽረዋል። ግራፋና የቀድሞዎቹን እትሞች ስለሚያስቀምጥ የተሻረውን መመለስ ይቻላል፤ ዳሩ ግን የሚሻለው ለውጡን በመዝገቡ ወይም በአርአያው ላይ ማድረግ ነው። በቆሎው ወጥቶ ስንዴ ከገባ መዝገቡ ይታረም። መጋዘኑ ከተዘጋ ደግሞ ከመዝገቡ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ፕሮግራሙ ሰሌዳውንም በዚያው በር በኩል እንዲሰርዘው ይታዘዝ። በመዝገቡ 12 መስመር ካለ ሰሌዳውም 12 መሆን ይገባዋል። በየወሩ ቁጥራቸውን አስተያዩ።

የሥራው ክፍፍል እንደዚህ ቢሆን መልካም ነው። ፕሮግራሙን አንድ የሠለጠነ ሰው ለማኅበሩ ሁሉ ሊጽፈው ይችላል። የልማት ሠራተኛው ግን መዝገቡን ይጠብቃል፤ መለኪያ ሲለወጥ፥ እህል ሲገባና ሲወጣ በዚያው ቀን ይጽፋል። ገበሬውም መለኪያው ከቦታው ቢነሣ፥ ጣራው ቢያፈስ፥ ወይም ሰሌዳው የሚለውና እጁ የሚነግረው ቢለያዩበት ወዲያው ይናገር። ፕሮግራሙ በመዝገቡ ያልተጻፈውን መጋዘን ሊያውቅ አይችልም፤ የሚያውቁት ሰዎች ናቸው።

ኤሌክትሪክ ወይም የስልክ መስመር በሌለበት ቦታ ያላችሁም ይህ ለእኛ አይሆንም አትበሉ። የመጋዘኖቹን መዝገብ በወረቀት ያዙ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቅጽ በበሩ ላይ ስቀሉ፤ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የተለካበትን ቀንና ሰዓትም ጻፉ፤ ያልተለካበትን ቀን ባዶ ተዉት እንጂ በግምት አትሙሉት። መስመሩ በመጣ ጊዜ ይኸው መዝገብ ለፕሮግራሙ ይሆናል።

አሁን መከሩ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ማኅበር መጋዘኖቹን ቆጥሮ መዝገቡን ይጀምር። ለመጀመር አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል።