ለምጥ መማር ይጠቅማል?

አቅራቢ፦ የወሊድ ዝግጅት ትምህርት ሲባል የአዲስ አበባ የግል ክሊኒክ ብቻ አይምሰላችሁ። አዋላጅ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚመሩት የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስም አለ።

ይጠቅማል? ምጥን እንደሚያሳጥር ጠንካራ ማስረጃ የለም። ዋና ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ሲያጋጥም ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ መድረስን ያስተምራል።

ለምሳሌ እናቲቱ ከቆቃ ወደ አዳማ ሪፈር ብትባል ማን አብሯት ይሄዳል? ደም የሚሰጥ አለ? ልጆቹስ ከማን ጋር ያድራሉ? ይህ ሁሉ በትምህርቱ ላይ አስቀድሞ ይመከርበታል።

አባወራዎችም ይምጡ፤ በምጥ ሰዓት ከአጠገቧ የማይለይ ሰው ያላት እናት ያለ ኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል።

ትምህርቱ ግን የእርግዝና ክትትልን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢያንስ 8 ጊዜ መታየትን ይመክራል።