ጄኔራል አማን አንዶም፦ ከሜዳሊያ የምትበልጥ አንዲት «አይሆንም»

(በአንድ የውይይት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ጄኔራል ሲወራ መቼም ቀድሞ የሚቆጠረው በደረቱ ላይ የተደረደረው ሜዳሊያ ነው። እኔ ግን ስለ ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ሳነሳ የምቆጥረው ሌላ ነው፤ «አይሆንም» ያሉበትን ቀን!

ወላጆቻቸው የሐማሴን ሰዎች ናቸው። እሳቸው የተወለዱት ካርቱም ነው። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ወደ አገር ገብተው የውትድርናን ሕይወት ያዙ። ኮሪያ ዘመቱ። በ1956 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በኦጋዴን ጦርነት ሲነሳ መቀመጫው ሐረር የነበረውን 3ኛ ክፍለ ጦር መሩ፤ «የበረሃው አንበሳ» ተባሉ። ታዲያ ድል ያደረገ አዛዥ ምን ይጠብቃል? ሹመት አይደል? እሳቸው ግን ከጦሩ ተነስተው ሴኔት እንዲቀመጡ ተደረገ። ከ1953ቱ የታህሣሥ ግርግር ወዲህ፣ ወታደር የሚወደው ጄኔራል ቤተ መንግሥቱን ያሰጋ ነበርና።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ደርግ የአማንን ስም ፈለገ። የሻለቆችና የአሥር አለቆች ስብስብ ሕዝብ የሚያውቀው ፊት ከየት ያመጣል? ኤታ ማዦር ሹም፣ ቀጥሎ የመከላከያ ሚኒስትር አደረጓቸው። ንጉሡ በወረዱበት ዕለት፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ሊቀ መንበር ሆኑ።

የያኔው መፈክር «ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ያለ ምንም ደም» ነበር። ጄኔራሉ መፈክሩን የምር ወሰዱት። ጠቡም ከዚሁ መጣ። የኤርትራ ጉዳይ በንግግር ይፈታ ብለው አስመራ ድረስ ሄደው ሕዝቡን አነጋገሩ። ተጨማሪ ጦር ይላክ ሲባል፣ አይሆንም አሉ። የታሰሩት ባለሥልጣናት ይገደሉ ሲባልም፣ አይሆንም አሉ።

ልብ በሉ! ከታሰሩት መሀል በወሎ ረሃብ የሚጠየቅ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ለዚህ እኮ ነው መርማሪ ኮሚሽን የተቋቋመው። ምርመራው ሳያልቅ ጥይቱ ቀደመ እንጂ!

አማን ሥራቸውን ትተው ቤታቸው ተቀመጡ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሊይዟቸው የመጡ ወታደሮች ቤታቸውን ከበቡ፤ በተኩስ መሀል ሞቱ። በዚያው ሌሊት ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ያሉባቸው እስረኞች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ጄኔራሉን ጨምሮ የሟቾቹ ቁጥር 60 ነበር። ደርግም በማግስቱ ድርጊቱን «ፖለቲካዊ ውሳኔ» አለው። ፍርድ ቤት የሌለበት ውሳኔ!

ያን ሌሊት ዝም ያሉት የደርግ አባላትስ ተረፉ? በአማን ወንበር የተቀመጡት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. በገዛ ጓዶቻቸው ተገደሉ። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ፤ ጥይቱ ከባለሥልጣን አልፎ የተማሪ ቤት ልጅ ዘንድ ደረሰ። ኤርትራ ላይም ጦርነቱ እስከ 1983 ዓ.ም. ቀጠለ።

ወገኖቼ፣ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ጄኔራሉ በቅጠል ሊያጠፉት የፈለጉት እሳት ይህ ነበር። የምንጠላው ሰው ያለ ፍርድ ሲገደል «ይበለው» ካልን፣ ነገ እኛን በየትኛው ፍርድ ቤት ያቆሙናል?