አቧራና የቤታችን ዕቃ

(በማኅበሩ ጸሐፊ በወሩ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ላልተገኙ አባሎች እንዲነበብ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ስለ አቧራ ነው። «ጸሐፊው ሌላ ወሬ አጣ እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን ጉዳዩ ከማኅበሩ መዝገብ ጋር የተያያዘና አንድ የሰፈራችንን ቤተሰብ ያስቀየመ ስለሆነ፣ እስከ መጨረሻው እንድታዳምጡን በትሕትና እንጠይቃለን።

እንደሚታወቀው ከተማችን አዳማ በነፋሷ የታወቀች ናት። ነፋሱ ለአገር ጠቅሟል። በከተማው አቅራቢያ ከተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የመጀመሪያው 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እንግዲህ መብራት የሚሰጠን ነፋስ በመብራቱ የሚሠራውን ዕቃችንን መልሶ አቧራ ያለብስብናል ማለት ነው።

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ፣ አስፋልት ባልደረሰው በእኛ መንገድ አንድ ባጃጅ ካለፈ በቂ ነው። ጠዋት የተወለወለ ቴሌቪዥን ለምሳ ሲደረስ ልጆች በጣታቸው ስም ይጽፉበታል። ሪሞቱ ካልተደበደበ አይሠራም። ስልኩ ቻርጅ አልቀበል ይልና ገመዱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ስናጣምም እናመሻለን። ሪሲቨሩ ላይ እጅ ቢያርፍ እንደ ምጣድ ይፋጃል። በዚህ ላይ የከሰሉ፣ የቡናውና የዕጣኑ ጭስ ሲጨመርበት አቧራው ይወዛና እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ይህ የሁላችንም ቤት ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ማኅበሩ ጥፋት እንምጣ። የማኅበራችን ኮምፒዩተር ከመንገዱ ዳር ባለችው ክፍል፣ ወለል ላይ ተቀምጦ እንደነበር ታውቃላችሁ። አቧራ እንዳይገባበት ብለን ዳንቴል አለበስነው። አሳባችን ደግ ነበር። ነገር ግን ዳንቴሉን ሳናነሣ እናበራው ስለነበር፣ ሙቀቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ በገዛ እጃችን ደፈንነው። ከሥር የገባው አቧራ ደግሞ በማራገቢያው ላይ እንደ ጥጥ ተጋግሮ ነበር። ኮምፒዩተሩ ሲግል ራሱን ያጠፋል። እኛም «መብራቱ ነው» እያልን መልሰን እናበራዋለን። እንዲህ ስናደርግ ሰንብተን፣ አንድ ቀን መዋጮ እየመዘገብን ሳለ በመሐል ጠፋና የመዝገቡ ፋይል ተበላሸ። በፍላሽ የተቀመጠው ቅጂ የሁለት ወር መዋጮ አልነበረውም።

በዚያው ሰሞን አንዲት እናታችን ወንድማቸው ዐረፉ። ድንኳን ሊወስዱ የመጡትን ልጆቻቸውን ጎደሎ መዝገብ ይዘን «የሁለት ወር ዕዳ አለባችሁ» አልናቸው። እናታችን በሐዘናቸው ላይ ደረሰኝ ፍለጋ ሣጥን አስፈተሹ። ደረሰኙ ተገኘ። አንድም ወር አላጎደሉም። ድንኳኑ ግን እስኪወጣ ግማሽ ቀን አልፎ፣ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ይህን ያደረገው አቧራ ነው ብለን አናመካኝም። ዕቃውን ሳናውቅበት የያዝነው፣ ደረሰኙንም ሳንጠይቅ የተናገርነው እኛ ነን። ቤታቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። እዚህም በሁላችሁ ፊት እንደግመዋለን። ስለ ጥገናው የወጣው ገንዘብ ደረሰኝ ለሒሳብ ሹሙ ተሰጥቷል፤ ማየት የሚፈልግ አባል ማየት ይችላል።

እኛ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍን ሰዎች ነን፤ የኤሌክትሮኒክስ ሊቅ ነን አንልም። ነገር ግን ጠጋኙ ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብለን የጠየቅነውንና ያየነውን ለእናንተ ማካፈል ተገቢ ነው ብለናል።

አንደኛ፣ ማናቸውንም ዕቃ ከመጥረግ በፊት አጥፍቶ ከሶኬት መንቀል ነው። የድሮውን ባለ ትልቅ ሆድ ቴሌቪዥን ግን ቢነቀልም እንዳትከፍቱት። ውስጡ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ ሰው ይገድላል።

ሁለተኛ፣ ዳንቴል ለጠፋ ዕቃ ጥሩ ነው። ከመብራቱ በፊት ግን ይነሣ፤ ከጠፋም በኋላ እስኪቀዘቅዝ ይቆይ። ዕቃውን ከወለል ከፍ አድርጎ፣ ከግድግዳው ትንሽ አርቆ ማስቀመጥ ይበጃል።

ሦስተኛ፣ በአፍ እፍ ማለት ይቅር። ትንፋሽ እርጥበት አለው፤ አንዳንዴም ምራቅ ይከተለዋል። ንጹሕና ደረቅ የሆነ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይሻላል። ማራገቢያውን ስንጠርግ እንዳይሽከረከር በጣት እንያዘው።

አራተኛ፣ የስልክ ቻርጅ ቀዳዳ በመርፌ አይቆፈርም። መርፌ ብረት ስለሆነ ውስጡን ይቧጭራል፤ ያገናኛልም። ስልኩን አጥፍቶ፣ በስቴኪኒ ቀስ አድርጎ ከዳር ከዳር ማውጣት ነው። ከኪስ የገባ የጨርቅ ብናኝ ሲወጣ ታያላችሁ፤ ብዙ ጊዜ «ቻርጀሩ ተበላሸ» ብለን አዲስ የምንገዛው በዚህ የተነሣ ነው።

አምስተኛ፣ የቴሌቪዥን መስታወት በኦሞና በእርጥብ ጨርቅ አይታሽም። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። እድፍ ካለ ጨርቁን በጥቂቱ አርጥቦ ጨምቆ ማበስ እንጂ፣ ውሃ በቀጥታ አይረጭበትም።

ስድስተኛ፣ አዲስ ስልክ ለሚገዛ። በካርቶኑ ላይ አይፒ የሚል ጽሑፍና ሁለት ቁጥር ካለ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ስለ አቧራ፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ ነው። የመጀመሪያው 6 ከሆነ አቧራ አያስገባም ማለት ነው። ቁጥሩ የሌለበት ስልክ ግን መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ግን እናቶቻችን ያስተማሩንን አንርሳ። ውሃ ረጨት አድርጎ መጥረግ! ደረቁን ስንጠርግ አቧራው ከወለል ተነሥቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ያርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቤቱ ይጠረግ፣ አቧራው ይረፍ፣ ዕቃው በኋላ ይወልወል። ብዙዎቻችን ስንገለብጠው ኖረናል።

በመጨረሻም ስብሰባው የተስማማባቸውን እናስታውሳለን። የመዋጮው መዝገብ ከኮምፒዩተሩ ሌላ በደብተርም ይጻፋል። በየሳምንቱ ቅዳሜ በፍላሽ ይገለበጣል፤ በዚያው ዕለት ኮምፒዩተሩ ይጠረጋል። ሐዘን ለደረሰበት ቤት ድንኳን መጀመሪያ ይወጣል፤ ሒሳብ በኋላ ይታያል። በበጋ ወራት በመንገዱ ዳር ያለን ቤቶች የልብስ እጥበት ውሃችንን ቱቦ ውስጥ ከመድፋት ደጃችን ላይ እንረጫለን። ባጃጅ ያላችሁ ልጆቻችንም በሰፈር ውስጥ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ የምታስነሡት አቧራ የሚያርፈው በእናታችሁ ቴሌቪዥን ላይ ነው።

ነፋሱን ማስቆም አንችልም። መዝገባችንንና ዕቃችንን መጠበቅ ግን እንችላለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ